አፌ በተሰፋ ማግስት

ሁሴን እባላለሁ። መርሳ ዳር የማንጎና የብርቱካን አትክልት አለኝ፤ ስድሳን ለመድፈን ጥቂት ነው የቀረኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ መንጋጋ ጥርሴ ነው። ባለቤቴ ከድጃ ይህን ስትሰማ «ሰው ስለ ሐጁ ይጽፋል፣ ስለ ልጆቹ ይጽፋል፤ አንተ ደግሞ ስለ ጥርስህ» ብላ ሳቀችብኝ። ጨርሼ ሳነብላት ግን ሳትስቅ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እናንተም ሳቁን ለትንሽ ጊዜ አቆዩልኝ።

በመጀመሪያ ስለ አፌ ልንገራችሁ። በእኛ ወረዳ በሐብሩ ሁለት ወገን ተጣልቶ ሲታረቅ ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋል፣ ሕዝቡ አሚን ይላል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው በታራቂዎቹ ራስ ላይ ጎንበስ ብሎ «እትፍ፣ እትፍ» ይልባቸዋል። ከአፉ የምትወጣው ትንፋሽና ጠብታ ናት ምርቃቱን የምታጸናው። እሷ ከሌለች፣ የቱንም ያህል ቢለቀስና ቢተቃቀፍ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ «ገና ነው፣ አልጸናም» ይባባላል። አያቴ ይህን ሲሠሩ ኖረው አለፉ፤ አባቴም እንደዚሁ። ከእሳቸው በኋላ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሼህ አይደለሁም፤ ከቁርአን አልፌ ኪታብ አልቀራሁም። ሰው የሚፈልገው ግን ዕውቀቴን ሳይሆን የዘር አፌን ነው።

አባቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ጥርስ የሚባል ነገር አልቀራቸውም ነበር። ዱዓ ሲያደርጉ ሰው በልማድ አሚን ይላል እንጂ ምን እንዳሉ አይለይም። አንድ ቀን ውርጌሳ ላይ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ሚስቲቱ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ታረቁ ነው የሚሉን ወይስ ተፋቱ ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም አብረው ሳቁ። እኔ ግን የእኔ አፍ እንዲህ እስኪሆን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ከዚያ ወዲህ ከድጃ «የሙሽራ ጥርስ» እያለች እስክትቀልድብኝ ድረስ ጥርሴን እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኩ።

ሆኖም ሽምብራ ቆሎ ስቆረጥም የቀኝ የላይኛው መንጋጋዬ ቀጭ አለ። ዝም ብዬ ከረምኩ። ሻይ ስጠጣ እስከ ጆሮዬ ይወጋኛል፣ ሥጋ በግራ ብቻ አላምጣለሁ። በመጨረሻ ወልድያ ዶክተር ሕይወት ዘንድ ስሄድ ስንጥቁ እስከ ሥሩ ወርዶ ኖሮ መነቀል ግድ ሆነ። ዶክተር ሕይወት እዚያው ወልድያ ተወልዳ ያደገች፣ የልጄ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ስትነግርህ ታስረዳሃለች፣ ስታስረዳህ አትቸኩልም።

ጥርሱ ከተነቀለ ከጥቂት ወራት በኋላ በቦታው ሌላ ትከይልኝ አልኳት። አጥንቱ ውስጥ ብሎን የመሰለ ነገር ይቀበራል፣ አጥንቱ ሲይዘው ከላዩ ጥርስ ይደረግበታል፤ ይህን ሰምቼ ነበር። እሷም መስታወት ሰጥታኝ በጣቷ ጉንጬን እየነካች አስረዳችኝ። ከላይኛው መንጋጋ በላይ፣ ከጉንጭ አጥንት ውስጥ፣ ሳይነስ የሚባል ከአፍንጫ ጋር የሚገናኝ ባዶ ክፍል አለ። የእኔ ክፍል ወደ ታች ዝቅ ብሎ ስለ ወረደ በእሱና በአፌ መካከል ያለው አጥንት በጣም ስስ ነው። ስለዚህ የክፍሉ ወለል ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ይገፋል፤ በሥሩ የአጥንት ዱቄት ይጠቀጠቃል፤ ብሎኑም እዚያው ይገባል። ወለሉ ላይ ያለው ሽፋን ከእንቁላል ቅርፊት ሥር እንዳለችው ስስ ቆዳ ነው፤ ከተቀደደ ሥራው ይበላሻል። ደሴ ወርጄ ራጅ ተነሳሁና ቀን ተቆረጠልን።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከድጃና እኔ ከመርሳ በሚኒባስ ተሳፍረን፣ ከወልድያ መናኸሪያ ደግሞ ባጃጅ ይዘን ክሊኒኩ ደረስን። ሰው ፊት ደፋር ነኝ፤ ሽጉጥ ከታጠቀ ሰው ጋር ቁጭ ብዬ ተደራድሬ አውቃለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ስጋደም ግን በየቀኑ የምቀራው ፋቲሃ እንኳ ጠፍቶኝ ሁለት ጊዜ ከመሀል ጀመርኩት።

ማደንዘዣው ከንፈሬን እስከ አፍንጫዬ አደነዘዘው። መሰርሰሪያው ሲያፏጭ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጥሎ ዶክተር ሕይወት አሁን የሚመጣው የሚያም ሳይሆን የሚያስደነግጥ ነው አለችኝና በትንሽ መዶሻ ወደ ላይ ታንኳኳ ጀመር። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በራስ ቅሌ ውስጥ ነው የሚሰማው። በየመሀሉ ትቆማለች፣ ታያለች፣ ደግማ ታንኳኳለች። የሐብሩን ሰው ሁሉ ሳስታርቅ ኖሬ ዛሬ አንዲት የወልድያ ልጅ ፊቴን እንደ በር ታንኳኳዋለች አልኩ በልቤ፤ ሳቄ መጣና አፌን ማንቀሳቀስ ስላልቻልኩ በዓይኔ እንባ ሆኖ ወረደ። እሷ አሞኝ መስሏት ደነገጠች።

ከዚያ አፍንጫዬን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ በዝግታ እንድተነፍስ ነገረችኝ፤ ቀዳዳውን ትመለከታለች።  ሽፋኑ ተቀድዶ ከሆነ አረፋ እንደሚወጣ በፊት ነግራኝ ስለነበር የራሴን ትንፋሽ ፈራሁት።

«አረፋ የለም» አለች። «ጋሽ ሁሴን፣ ሽፋንዎ ደህና ነው።»

 ሰፍታኝ ስትጨርስ አንድ ነገር ገለጠችልኝ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ሥራ ስትሠራ አስተማሪዋ አጠገቧ ይቆሙ ነበር፣ ብቻዋን ስትሠራ የእኔ የመጀመሪያው ነው። ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ በመስኮት እወጣ ነበር። ያን ጊዜ ግን ኩራት ተሰማኝ። የገዛ አገሬ ልጅ፣ በገዛ አገሬ፣ እኔ ላይ ጀመረች። ብድግ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት፤ ከንፈሬ ስለደነዘዘ መሳሜን እንኳ አላወቅኩም።

ቀጥላ ክልከላዎቹን ነገረችኝ። ለጥቂት ሳምንታት መናፈጥ የለም። ሲያስነጥስ አፍ ከፍቶ ነው። በቀጭን ቱቦ መምጠጥ የለም። ከባድ ማንሳት የለም። ምራቅ ሲመጣ ዝም ብሎ ማፍሰስ እንጂ በኃይል መትፋት የለም። ከአፍም ሆነ ከአፍንጫ የሚወጣ ግፊት የተጠቀጠቀውን ዱቄት ያፈናቅለዋል፣ ስፌቱንም ይፈታዋል። ይህን ሁሉ ከተናገረች በኋላ አንድ ነገር ጨመረች።

«ውዱእ ሲያደርጉ ውሃ በአፍንጫዎ ስበው መልሰው ያስወጣሉ አይደል? እሱን ለጊዜው ይተዉት።»

ከድጃና እኔ ተያየን። ዶክተር ሕይወት አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ግድግዳ ከሚጋሩ ሙስሊሞች ጋር ያደገች የወልድያ ልጅ ናት፤ ሲታጠቡ እያየች ነው ያደገችው። እዚያው ሆኜ ለመስጊዳችን ኢማም ደወልኩ፤ ሱና ነውና ለሕመም ብትተወው ችግር የለውም አሉኝ። ወሎ እንዲህ ናት ብዬ ደረቴ እስኪነፋ ኮራሁ። ግን ተመልከቱ፤ የአፍንጫዬን ውሃ ሳይቀር ያሰበች ዶክተርና ሕይወቱን ሙሉ ሲመርቅ የኖረ ሽማግሌ ተቀምጠን፣ «እትፍ» ማለቴ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። እሷ ሥራዬን አታውቅም። እኔ ደግሞ ስመርቅ እየተፋሁ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ በሐብሩ እንደዚያ የሚያስብ ሰው ያለም አይመስለኝም።

መርሳ ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አያ ይመር ደጃፌ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። አያ ይመር ከእኔ ጋር ለዓመታት ሽምግልና የተቀመጠ ጓደኛዬ ነው። ፊቴ አብጦ በረዶ ይዤ ሲያየኝ «ምን ሆንክ» እንኳ አላለኝም።

«ተቀበሉ» አለኝ። «እነ ዘሀራ ተቀበሉ። ነገ ከጁምዓ በኋላ።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት በመስኖ ውሃ ተራ ሁለት ጎረቤታሞች ተጣሉ። አንደኛው ይማም ነው፤ ሁለተኛው አህመድ፣ የእማማ ዘሀራ የበኩር ልጅ። ይማም በማጭድ ሆዱን መታው። አህመድ ሆስፒታል ገባ፣ ተሰፋ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። ይማም ተፈርዶበት ታሰረ፣ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። መንግሥት ጨርሻለሁ ቢልም ደሙ አልደረቀም። ይማም ወደ ቀዬው መግባት ስላልቻለ ሐራ ዘመድ ጋ ተጠግቶ ይኖራል። እናትና አባቱ መርሳ ገበያ አይወጡም፤ ማሳቸው ውሃ እያየ ጦም ያድራል። የአህመድ ወንድሞች በአንድ በኩል፣ የይማም ወንድሞች በሌላ በኩል፣ ሌላ ሬሳ የሚጠበቅበት ጉዳይ ነበር። ሁለት ጊዜ ልናስታርቅ ተቃርበን ሁለቱንም ጊዜ ፈረሰብን፤ በሁለቱም ጊዜ ያፈረሰው «ለሳምንት ይቆይ» የሚል ቃል ነው። በሳምንቱ ውስጥ ክፉ መካሪ አይጠፋም።

እኔ በደስታ እሺ ብዬ፣ በግ ማን ይግዛ፣ ምንጣፍ ከየት ይምጣ እያልን ገና መነጋገር ስንጀምር ከድጃ ከኋላዬ ሆና ጣልቃ ገባች።

«በየትኛው አፍህ ነው እትፍ የምትላቸው?»

 እውነቱን ልንገራችሁ፤ የማደንዘዣው ኃይል የለቀቀኝ ያን ጊዜ ይመስለኛል። ለዶክተር ሕይወት ደወልኩ። መጀመሪያ አልገባትም። ቀስ ብዬ ሳስረዳት እንዴት አድርጌ እንደምል በስልክ እንዳሰማት ጠየቀችኝ። አፌን ላሾል ስል «አይ፣ አይ፣ አይበሉ፣ ይተዉት» ብላ አቋረጠችኝ። ከዚያ እየመረራት የሚሆነውን ነገረችኝ። ያ ግፊት ስፌቱን ከፈታው ከአፌ እስከ ሳይነሴ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል፤ የምጠጣው ውሃ በአፍንጫዬ ይወጣል፣ ድምፄም በአፍንጫ የሚወጣ ይሆናል፤ ቀዳዳውን ለመዝጋት ደግሞ ሌላ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው። ዱዓ ግን ላደርግ እችላለሁ፤ ቀስ ብዬ ልናገር፣ እትፍ ግን አልል። አባቴ ትዝ አሉኝ። እሳቸው በጥርስ ማጣት የደረሰባቸው እኔ ላይ በአፍንጫዬ በኩል ሊመጣ ነው።

አያ ይመር እትፍታውን ሌላ ሰው ይበለው እንዳልል አስቀድሞ መለሰልኝ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች በጋብቻም ሆነ በሥጋ ከአንዱ ወገን የሚዛመዱ ናቸው። የአህመድ አጎት፣ የእማማ ዘሀራ ወንድም አያ ሙሄ፣ ነገሩን እስከ ዛሬ አጥብቆ የያዘው እሱ ነው፣ የተቀበለው በአንድ ቃል ብቻ ነው፤ «የእነ ሁሴን አፍ ካለበት።» ይቆይ ብንል ደግሞ ሦስተኛው መፍረስ ነው።

ለከድጃና ለይመር ዱዓውን ላድርግ፣ የቀረውን እዚያው እናያለን አልኳቸው፤ በልቤ ግን ወሰንኩ። እላለሁ። ጥርሱም የእኔ፣ ጉንጩም የእኔ ነው፤ ሁለት ቤት ከሚጠፋ የእኔ አንድ መንጋጋ ይጥፋ አልኩ። እንዲህ ስወስን ሌላ ዓይነት ኩራት ተሰማኝ፤ ደስ የሚል ኩራት ነው፣ ሰው ጀግና የሆነ ሲመስለው የሚመጣው።

በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው የተሰበሰበው የመስኖው ቦይ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ነው። ያ ቦታ የተመረጠው ጠቡ የተነሳበት ስለሆነ ነው። የእነ አህመድ ወገን በአንድ በኩል፣ የእነ ይማም ወገን በሌላ በኩል ተቀመጡ። ሴቶቹ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ እማማ ዘሀራ ከእነሱ መሀል ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከድጃም አጠገቧ። ይማም ከሐራ በባጃጅ መጥቶ ሩቅ ላይ ወርዶ፣ በአገሩ ወግ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አቀርቅሮ በእግሩ መጣና መሀል ላይ ተንበረከከ። ጎልማሳ ሰው ሆኗል። ድሮ የማውቀው ልጅ ፊት የት እንደ ሄደ እንጃ።

ዱዓ ጀመርኩ። አፌ አብጦ ቃሌ ወፍራም ነው፣ ሰው ግን እየሰማ አሚን አለ። ስለ ሟቹ ለመንኩ፣ ስለ ገዳዩ ለመንኩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ልጆቹ ለመንኩ። ሊያልቅ ሲል ወገን ሁሉ አንገቱን ደፋ። ብድግ ብዬ ወደ ይማም ተጠጋሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ትንፋሼን ሳብኩ።

«ሁሴን።»

ከድጃ ናት። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ሰው ፊት በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ቆማለች። አትበል አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ ትናንት ወልድያ ላይ አጥንቴ ተከፍቶ መሰፋቱን፣ ሐኪሟ እትፍ እንዳልል መከልከሏን ሁሉንም ተናገረች።

ጉምጉምታ ተነሳ። አያ ሙሄ ከመቀመጫው ተነሳ። 

«ጥርስ ነው ምክንያቱ?» አለ። «አንቱ ሰውዬ፣ ይህ ደም ደርቋል ብሎ ልብዎ ካልተቀበለው ፊት ለፊት ይንገሩን።»

ከኋላው ወጣቶቹ የአህመድ ወንድሞች ተነሱ። በወዲያ በኩል የይማም ወንድሞችም ተነሱ። ይማም ድንጋዩን እንደተሸከመ እንደተንበረከከ ነው። አያ ይመር መሀል ገብቶ ክንዱን ዘረጋ። እኔ ደሙ ደርቋል፣ ልቤ ተቀብሎታል፣ የሚጎዳ ነገር ቢኖር እኔን ነው፣ እላለሁ ብዬ እንደገና ጎንበስ አልኩ።

«ቆይ አንተ ልጅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ከአባቴ ሞት ወዲህ ልጅ ብሎ የጠራኝ የለም። እማማ ዘሀራ በከድጃ ትከሻ ተደግፋ ተነስታ ወደ መሀል መጣች። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁላት።

«አፍህን ክፈት።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የዘር አፌን፣ ሐኪም ዘንድ እንደሄደ ሕፃን ከፈትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እማማ ዘሀራ ዓይኗ ደካማ ነው፤ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ፣ ቀርባ ተመለከተች። ረጅም ጊዜ ተመለከተች። 

«የአህመዴም ሆድ እንዲህ በጥቁር ክር ተሰፍቶ ነበር» አለች።

ለእኔ ብቻ የምትነግረኝ ትመስል ነበር፣ ግን ቦታው ጸጥ ስላለ ሁሉም ይሰማል።

«ሐኪሞቹ ተኛ አሉት። እኔም እግሩ ላይ ወድቄ ተኛ ልጄ አልኩት። ደሜን ሳልመልስ አልተኛም ብሎ ገፍትሮኝ ተነሳ። ከበሩ ብዙ ሳይርቅ ስፌቱ ተፈታ።»

አያ ሙሄ ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ተራመደና ቆመ። ከእሷ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው በዘመዱ መሀል አልነበረም። አህመድ ሐኪሞቹ እንዳሰናበቱት ለሁሉም ተነግሮ፣ ከዚያም በምቱ እንደሞተ ተብሎ ተቀብሯል። ያን ሁሉ ዓመት ሌሎቹ ልጆቿ ለበቀል ሲሰናዱ፣ የይማም ቤት ሲዘጋ፣ ነገሩ በእሷ ሆድ ውስጥ ነበር።

«ይማም መታው፤ አልካደም፣ እኔም አልክድለትም» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ። «ልጄን የጨረሰው ግን እልሁ ነው። ይህን ብናገር የሙት ልጄን ስም የማጎድፍ መስሎኝ ዋጥኩት። ስፌት በእልህ ሲፈታ አንዴ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ አላይም።»

ከዚያ እኔን በመዳፏ ደረቴ ላይ ገፋ አድርጋ ተቀመጥ አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ወደ ይማም ዞረች። ድንጋዩን ከአንገቱ ልታወርድ ሞከረች፣ አቃታት። ያን ጊዜ ከሟቹ ወንድሞች አንዱ፣ የመጨረሻው፣ መጥቶ አብሯት አወረደው። እማማ ዘሀራ በይማም ራስ ላይ ጎንበስ አለች። በእኛ አገር የሟች እናት እንዲህ ስታደርግ አባቴም አያቴም አላዩም፤ ቢያዩ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር።

«እትፍ» አለች። «እትፍ። ልጅ ይውጣልህ። ውሃህ አይጉደል። እትፍ።»

ይማም በግንባሩ መሬት ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መጀመሪያ አሚን ያለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አያ ሙሄ ነው። ድምፁ ተሰብሮ አሚን አለ፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተከተለ፣ እኔም ተሰፍቶ ባበጠው አፌ ተከተልኩ። በዚያው ቀን ማምሻውን የይማም አባት ቦዩን ከፍቶ ማሳው ላይ ውሃ ለቀቀ። ውሃውን ደረቁ መሬት ሲጠጣው የሁለቱም ወገን ሰው ዳር ዳር ቆሞ ያይ ነበር።

እንግዲህ ይህ ነው የገጠመኝ። ዶክተር ሕይወት ዘንድ ለምርመራ ስሄድ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጓንቷን አውልቃ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አሁን ከሐብሩም ሆነ ከጉባላፍቶ ሽማግሌ ሲመጣባት መሰርሰሪያ ከማንሳቷ በፊት «አባቴ፣ ይመርቃሉ?» ብላ ትጠይቃለች። በወልድያ ከተማ እንዲህ ብላ የምትጠይቅ ሐኪም መኖሯ ያኮራኛል፣ ምክንያቱ እኔ መሆኔ ደግሞ የባሰ ያኮራኛል። ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ከወራት በኋላ ብሎኑን አጥንቱ ያዘው፣ ጥርሱም ተደረገልኝ። ሽምብራ እቆረጥማለሁ። ዱዓዬ ጥርት ብሎ ይሰማል። እትፍም ማለት ተፈቀደልኝ። ሰው መልሶ የእኔን አፍ ይጠብቃል፣ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዬን አልልም። ለእርቅ ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው የተጎዳው ሰው እናት ወይም ሚስት የት እንደተቀመጠች ነው። ትምጣ እላለሁ፣ ትናገር እላለሁ፣ ልቧ ከፈቀደ እሷ ትቅደም እላለሁ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ወግ አፈረስክ ብለው ያጉረመርሙብኛል፤ አያ ይመርም በመጀመሪያ አጉረምርሞ ነበር። እኔ የአባቴን ወግ አላፈረስኩም። ራቅ ብለው ከሚቀመጡት ሴቶች መሀል የሚያውቁትን ሳይናገሩ የሚያረጁ እንዳሉ በዓይኔ ስላየሁ ነው። እናንተም በየአካባቢያችሁ ሰው ስታስታርቁ፣ ይህን የምታነቡ ወንድሞቼ፣ አፋችሁን ለጥቂት ጊዜ ያዝ አድርጉና ወደዚያ በኩል ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። እኔ አፌን በግድ ነው የያዝኩት፤ በፈቃዴ አልነበረም፣ ምስጋናውም የእኔ አይደለም። ኩራቱን ግን ለማንም አልሰጥም፤ ያቺ እናት የእኛ አገር ሰው ናት።

ጥርሱ በተደረገልኝ ሰሞን ማንጎ ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ይማም ከቤቷ ጀርባ አጥሯን እያጠረላት ነበር። እማማ ዘሀራ ድምፄን ስትሰማ ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰኝ አገጬን ያዘችና አፍህን ክፈት አለችኝ። ከፈትኩ። አዲሱን ጥርስ በጣቷ ነካችው፣ ወዘወዘችው፤ አልተነቃነቀም።

«ተኝተህ ዳንክ» አለችኝ።

ከዚያ እጇን ሳታነሳ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።